«ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ» የተባልኩ ዕለት

እኔ ሳወራ አፌ ብቻውን አያወራም። እጄ፣ ትከሻዬ፣ ጭንቅላቴ፣ አንዳንዴም እግሬ ያግዘኛል። ሥራዬ የከብት ድለላ ነው። አንድ ቀን ከሚሴ፣ ሌላ ቀን ጨፋ ሮቢት ገበያ እውላለሁ። በሬ ሻጩን ወደ ግራ ጎትቼ በኦሮምኛ፣ ገዢውን ወደ ቀኝ ጎትቼ በአማርኛ፣ ሁለቱን ያገናኘኋቸው ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ቋንቋ እያደባለቅኩ ሳወራ ይመሽልኛል። ጭንቅላቱን ሳይነቀንቅ በሬ ያሻሻጠ ደላላ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ በዚህች አገር ስንት ዝምተኛ ሰው እያለ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ፣ በጀርባው ተንጋሎ እንዲቆይ የተለመነው እኔን የመሰለ ሰው ነው። የለመነችኝ ደግሞ እንቢ ልላት የማልችል ሰው ናት፤ ልጄ ሉባባ።

ሉባባ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የምትማረው ስለ አንጎል ነው። እኔ ለሰው ሁሉ «ሐኪም ልትሆን ነው» እያልኩ ነው የማወራው፤ እሷ በሰማች ቁጥር «አባ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ተመራማሪ ነኝ» እያለች ታርመኛለች። እኔም በማግስቱ እደግመዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ደወለች። ድምጿ ላይ የታፈነ ለቅሶ አለ።

«አባ፣ ጉድ ሆኛለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመመረቂያ ጥናቷ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚናገሩ ሰዎችን ኤምአርአይ ውስጥ እያስገባች ነበር። ሰው አንዱን ቋንቋ ትቶ ወደ ሌላው ሲሻገር አንጎሉ ውስጥ የቱ ቦታ እንደሚበረታ ማየት ትፈልጋለች። ሰዎቿ ሊሟሉ ሁለት ሲቀሯት፣ አንደኛው ድሮ እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ ተከለከለ። ሌላኛው ገና ግማሽ አካሉ እንደገባ «አውጡኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ወጣ፤ ጫማውንም በወጉ ሳያጠልቅ ሄደ።

«ማሽኑ የበሽተኞች ነው» አለች ሉባባ። «ለእኛ የተፈቀደልን የቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ ይኼ ቅዳሜ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ሁለት ሰው ካላገኘሁ ዘንድሮ አልመረቅም። አስተማሪዬን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ዘመድም ቢሆን ውጤቱን ሌላ ሰው ይመረምረዋል ብለው ፈቅደዋል። አንተና እማ ኑልኝ።»

«እናትሽስ እሺ» አልኩ። «እኔ ግን ዝም ማለት የምችል ይመስልሻል?»

«ለእኔ ስትል ትችላለህ» አለች።

ወዲያው ለአሊ ሰይድ ነገርኩት። አሊ ሰይድ የድለላ ባልደረባዬ ነው፤ አንድ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት አብረን ጮኸናል።

«ጭንቅላትህን ሊያዩት?» አለኝ።

«ሊያዩት።»

«ውስጡን?»

«ውስጡን ነዋ!»

ክንዴን ይዞ ከቆሙት ባጃጆች ጀርባ ወሰደኝ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ወላሂ እንዳትሄድ! ስለ ቀዩ በሬ የነገርኩህ ነገር እዚያው ውስጥ አይደለም እንዴ ያለው?»

ስለ ቀዩ በሬ የነገረኝ አማና ስለሆነ ለእናንተም አልናገርም። ለእኔም ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ደላላ ጭንቅላቱ ውስጥ የስንቱን ሰው ጉድ ይዞ እንደሚዞር አስቡት። እዚያው ቆመን ለሉባባ ደወልኩና ስልኩን ከፍ አድርጌ ለአሊም አሰማሁት።

«ሐሳብ አያነብም፣ አጎቴ አሊ» አለችው። «የአንጎላችን አንዱ ክፍል ሥራ ሲበዛበት፣ ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ይላክለታል። ኦክስጅን ያለው ደምና ኦክስጅኑን የጨረሰ ደም ማግኔት ፊት ሲቀርቡ ይለያያሉ። ማሽኑ ያንን ልዩነት ነው የሚይዘው። ደሙም ቢሆን ሐሳቡ ከመጣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው የሚደርሰው።»

አሊ አሰበ። «ኤዬ፣ መኪና ካለፈ በኋላ አቧራውን እንደማየት በያ!»

«ልክ ነህ፣ እንደሱ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ ሳትሆን አትቀርም። «መኪና እንዳለፈ ታውቃለህ፣ በየት በኩል እንዳለፈም ታውቃለህ። ምን እንደጫነ ግን አቧራው አይነግርህም።»

አሊ ልቡ መለስ አለ። ስንለያይ ግን ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ለማንኛውም ቅዳሜ ዕለት ስለ በሬው ባታስብ ደስ ይለኛል» አለኝ።

ባለቤቴ ዘይነባ የጨነቃት ሌላ ነገር ነው። «መርፌ አለው?» ብላ ሉባባን ጠየቀቻት። የለውም። «ቢላስ?» ሱብሃነላህ፣ የለውም። «እንደ ራጅ ጨረርስ?» እሱም የለውም። ማሽኑ ይህን ያህል የተወደደው፣ ሰው ሳይቆርጡና ሳይወጉ አንጎሉ ሲሠራ የሚታይበት ስለሆነ ነው አለቻት። ዘይነባ ይህን ስትሰማ ለራሷ መጨነቁን ተወችና ወደ እኔ ዞረች።

«የሉባባ አባት፣ አንተ እኮ በእንቅልፍህም ታወራለህ።»

እውነቷን ነው። ስለዚህ ልምምድ ጀመርን። ማታ ማታ እራት ስንጨርስ ምንጣፍ ላይ ታስተኛኝና ግንባሬ ላይ በብርጭቆ ውሃ ታስቀምጣለች። እኔ ኮርኒሱን እያየሁ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ቀን፣ ጎረቤት የሚያወራውን ሰምቼ «እንዲያ አይደለም!» ስል ውሃው አንገቴ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ቀን ዝንብ መጣች። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይመጣ እኔው ራሴ አንድ የሚያስቅ ነገር ትዝ ብሎኝ ምንጣፉ ጭምር ረጠበ። ዘይነባ ብርጭቆውን አንስታ «አላህ ይርዳት ልጄን» ብላ ሄደች።

አርብ ዕለት በሚኒባስ ተሳፍረን አዲስ አበባ ገባን።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ያለበት ቤት ስንደርስ ዳዊት የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ተቀበለን። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ አውልቁ አለን። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም አስረከብኩ። ቀበቶዬም ዘለበቱ ብረት ነውና ተወሰደ። በእርቅ ሽምግልና እንኳ ቀና ብዬ የምቀመጥ ሰው፣ ሱሪዬን በሁለት እጄ ጨብጬ እዚያ በነበሩት በልጄ አስተማሪ ፊት ቆምኩ። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ግን የምዘረጋው እጅ አልነበረኝም፤ ጎንበስ ብቻ አልኩ።

መጀመሪያ የገባችው ዘይነባ ናት። ሉባባ ሥራውን አስረዳቻት። «እማ፣ ሥዕል ይመጣልሻል። ከሥሩ አረንጓዴ ነጥብ ካየሽ ስሙን በአማርኛ፣ ሰማያዊ ካየሽ በኦሮምኛ በይ። በልብሽ ብቻ። አፍሽ ከተንቀሳቀሰ ጭንቅላትሽም ይንቀሳቀሳል።»

ዘይነባ ወደዚያ ነጭ ቀዳዳ ውስጥ ተንሸራትታ ገባች። እኛ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነን እናያለን። ማሽኑ ጀመረ። ያ ሁሉ ድምፅ! ቆርቆሮ ላይ በመዶሻ የሚደበድቡ አሥር ሰዎች ቢሰበሰቡ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የባለቤቴ አንጎል ብቅ አለ፤ ለሁለት የተከፈለ ጥቅል ጎመን ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳዊት እንቅስቃሴ የሚያሳየውን መስመር እያየ ተደነቀ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ንክች አላለም። «እንዲህ የሚረጋ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። ሉባባ በደስታ እጇን አጨበጨበች። እኔም «የማን ሚስት መሰለቻችሁ» አልኩ።

ማሽኑ በመሀል ጸጥ ሲል ግን ከውስጥ በድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ተሰማ። መጀመሪያ የማሽን ብልሽት መስሏቸው ዳዊትና አስተማሪው ተያዩ። እኔ ግን ወዲያው አወቅኩት።

«እያንኮራፋች ነው» አልኩ።

ቀስቅሰው ሲጠይቋት አፍራ ሻሿን እያስተካከለች «ምን ላድርግ፣ ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጎን ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ ዓይኔ ራሱ ይከደናል» አለች። ረግቶ መተኛት ብቻውን ዋጋ የለውም ለካ፤ ጭንቅላቱ የተባለውን ሥራ ካልሠራ የሚታየው የሌላ ነገር ደም ነው። ፊቷን ታጥባ እንደገና ገባች። በሁለተኛው አንዲት ሥዕል ሳታሳልፍ ጨረሰች። ከተነሳች በኋላ ሉባባ «ምን ምን አየሽ?» ብላ ስትጠይቃት አንድ በአንድ ቆጠረችላት።

ተራዬ ደረሰ። በጀርባዬ አስተኙኝ፣ ጆሮዬን ደፈኑልኝ፣ ፊቴ ላይ ፍርግርግ የመሰለ ነገር ገጠሙብኝ፤ እጄ ላይ ደግሞ ሲጨንቀኝ የምጨምቀው ለስላሳ ኳስ ሰጡኝ። ከዓይኔ በላይ ባለች ትንሽ መስታወት በኩል ሥዕሎቹ ይታዩኛል። ቤት መጣ፤ አረንጓዴ። በልቤ «ቤት» አልኩ። ውሃ መጣ፤ ሰማያዊ። «ቢሻን» አልኩ። ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ተዝናናሁ።

ቀጥሎ በሬ መጣ።

ወላሂ፣ ደህና በሬ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ሻኛው የተደላደለ። ያነሱት ግን ከፊት ለፊት ስለሆነ ኋለኛ እግሩ አይታይም። የኋላ እግሩን ሳያይ በሬ የሚገምት ደላላ አለ? አንገቴን ትንሽ ዘንበል አድርጌ ወደ ጎኑ ልመለከት ስል ማሽኑ ቆመና የሉባባ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ።

«አባ፣ ተንቀሳቀስክ።»

«በሬው ነው!»

«በሬው ሥዕል ነው፣ አባ። ዞር ብትልም ጎኑ አይታይህም። የሩዝ ፍሬ ያህል ከተንቀሳቀስክ ኮምፒውተሩ የደም ለውጥ እየመሰለው ይሳሳታል።»

በሁለተኛው ዙር በሬውን እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት። ነገር ግን ኦሮምኛው ሲመጣ በልቤ ቃሉን ካልኩ በኋላ እንደ አዎንታ «ኤዬ» ብዬ ራሴን መነቅነቅ አመል ሆኖብኛል። መነቅነቄን እኔ አላወቅኩም። መስመሩ ግን ገበያ መሀል እንደ ደነበረ ፍየል ይዘላል አሉኝ። እንደገና ቆመ።

ዳዊት በማጉያው «ጋሼ፣ ከአንድ ዙር በላይ ጊዜ የለንም። የሚቀጥሉት በሽተኛ ውጭ እየጠበቁ ነው» አለኝ።

ሉባባ ክፍሉ ውስጥ ገብታ እግሬን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «አባ፣ አብሽር» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስትወለድ አዋላጇ ደጅ ላይ አስቁማኝ ያለችኝም ይህንኑ «አብሽር» ነበር። ያን ጊዜ፣ ብሞትም አልነቃነቅም ብዬ ወሰንኩ።

ማሽኑ ተነሳ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። በሬ የለ፣ ቤት የለ። ሕይወቴን ሙሉ ሲጨንቀኝ የሚያረጋጋኝ አንድ ነገር ስላለ እሱን ያዝኩ፤ በልቤ ዚክር ጀመርኩ። ሱብሃነላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሏሁ አክበር። ማሽኑ ይደበድባል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ምላሴ አልተንቀሳቀሰም፣ አንገቴ አልተንቀሳቀሰም። እንዲያ ያለ እርጋታ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም።

ሲያወጡኝ ዳዊት ራሱ «ማሻአላህ!» አለ። አስተማሪው አውራ ጣታቸውን አነሱ። ሉባባ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ድንጋይ ነበርክ እኮ፣ አባ! ድንጋይ!»

ከዚያም እናቷን እንደጠየቀችው እኔንም «ሥዕሎቹን አይተሃቸዋል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከደስታዋ ብዛት «እንዴታ!» አልኩ። የመጀመሪያውን ዙር አይቻለሁ፣ ሁለተኛውንም አይቻለሁ። ውሸት አይደለም እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩለት፤ ድለላ ለምዶብኛል።

ምሳ ልትጋብዘን እዚያው አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ሉባባ እጇን ሳትታጠብ ለጓደኛዋ ደውላ «ተሟላልኝ! አባዬ ነው ያሟላልኝ!» አለች። ጥብሱ መጣ። እኔ አንድ ጎርሼ ሁለተኛው አልወርድ አለኝ። ማሽኑ አላወቀ፣ ዳዊት አላወቀ፣ አስተማሪው አላወቁ። ይህ ሁሉ ማግኔት፣ ይህ ሁሉ ኮምፒውተር፣ ደሜ የት እንደሄደ እንጂ በምን ቋንቋ ምን እያልኩ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ ልጄም ትመረቃለች።

ዘይነባ ጉርሻዋን አቁማ አየችኝ። «የሉባባ አባት፣ ዝም ብለሃል።»

«እየበላሁ ነው።»

«እየበላህ ዝም ብለህ አታውቅም። ምን አጥፍተሃል?»

እንግዲህ ምን ቀረ። «ሉባባ» አልኩ፣ «የመጨረሻው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ስልኳን አስቀመጠች። «ለስንት ጊዜ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«ሥዕሎቹንስ?»

«አላየኋቸውም። ዚክር እያልኩ ነበር።»

ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «በአረብኛ?» አለች።

«በአረብኛ።»

«አባ! ባትነግረኝ እኮ ኦሮምኛና አማርኛ አንተ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር!»

«አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! በአረብኛ ስታወራ ነው ያየሁህ!»

እንባዋ መጣ። ከእንባው ጋር ሳቋም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ ማንም ሊለየው አይችልም ነበር። ዘይነባ ትከሻዋን አቅፋ ይዛት «ዓይኑን መጨፈኑን እኔም አላወቅኩ» ትላለች። እኔ «ከፈለግሽ ዛሬውኑ ተመልሼ ልግባ፣ ዓይኔን በጣቴ ከፍቼ እይዛለሁ» እላለሁ። ጊዜው ግን አልፏል፤ በሽተኛው ገብቷል።

ሉባባ እንባዋን ጠርጋ ለአስተማሪዋ ደወለች። አጠገባችን ሆና ሁሉንም ነገረቻቸው። አልደበቀችም፤ አላሳመረችልኝም። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። የእኔ ውጤት ከጥናቱ ይውጣ፣ ለምን እንደወጣ ደግሞ በግልጽ ይጻፍ አሏት። ሌላ ጊዜ ሰዎቹ ሥዕል ባዩ ቁጥር የሚጫኑት ቁልፍ ይኑር፣ እንዲህ ያለው ያኔ ይታወቃል አሏት። አንድ ሰው ጎድሎባትም ቢሆን ትቀጥል፣ ድምዳሜዋን ግን ዝቅ አድርጋ ትጻፍ አሉ።

ያ ሳምንት ለእኔ ከባድ ነበር። ገበያ ወጥቼ ሳሻሽጥ ጭንቅላቴ በተወዛወዘ ቁጥር ቅዳሜ ትዝ ይለኝና አፍራለሁ። ወሬዬ መቀነሱን አይቶ አሊ ሰይድ የታመምኩ መስሎት ሊጠይቀኝ ቤት ድረስ መጣ።

በክረምቱ መጀመሪያ ሉባባ ጥናቷን አቀረበች። ከመርማሪዎቹ አንዷ «እነዚህ ሰዎች የታዘዙትን በልባቸው መሥራታቸውን በምን አወቅሽ?» ብለው ጠየቋት አለችን። እሷም «ማሽኑ አይነግረኝም። ያለኝ የሰዎቹ ቃል ነው። አንዱ እውነቱን ነግሮኝ አውጥቼዋለሁ፤ ሌሎቹንም አምኛለሁ፤ ይህም የጥናቴ ድክመት ነው» ብላ መለሰች። ሴትዮዋ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ አለፈች። አልሐምዱሊላህ!

ከሚሴ ስትመጣ የታተመውን ጥራዝ ይዛልን መጣች። እንግሊዝኛ ነው። ዘይነባ አንጎሉ ላይ ቀይና ቢጫ የፈሰሰበትን ሥዕል ዘረጋች።

«ቀዩ ሰው ውስጥ ያለ ቀለም እንዳይመስልሽ፣ እማ» አለቻት። «ኮምፒውተሩ ነው የቀባው፤ ከሌላው ቦታ በለጥ ያለ ለውጥ የታየበትን ያሳያል። የአንድ ሰው ብቻውን ብዙም አያሳምንም፤ የሁላችሁም ተደምሮ ነው።»

«የእኔስ የቱ ጋ ነው?»

«እዚሁ ውስጥ ነሽ፤ ከሌሎቹ ጋር።»

ዘይነባ ለጎረቤት ሁሉ «ይኼው እኔ» ስትል ሰነበተች። እኔ ግን ሥዕሉ ውስጥ የለሁም። ቅር እንዳይለኝ ብላ መሰለኝ፣ ሉባባ አንድ ገጽ ገልጣ ከእንግሊዝኛው ጎን በእስክርቢቶ አማርኛውን ጻፈችልኝ። እንዲህ ይላል፤ «አንድ ተሳታፊ የታዘዘውን ሥራ እንዳልሠራ በራሱ ፈቃድ ስለተናገረ ውጤቱ ከጥናቱ ወጥቷል።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎቹ ሁሉ ተደምረው አንድ ሥዕል ሆነዋል፤ ለብቻው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈለት እኔ ብቻ ነኝ። ገጹን ፎቶ ኮፒ አስነሳሁና አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ለአሊ ሰይድ አሳየሁት። ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት አሳየሁት። ሮቢት ገበያ ላይ፣ በሬ ሊገዛ ለመጣ የማላውቀው ሰው ጭምር አሳየሁት።

ሉባባ ይህን የሰማችው አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ነው። በዚያው ቀን ደወለች።

«አባ፣ የተሳታፊ ማንነት በጥናት ሕግ ምስጢር ነው። ማን እንደሆነ መታወቅ የለበትም። እባክህ ለማንም እንዳትናገር።»

«አብሽሪ ልጄ» አልኳት። «ከእንግዲህ ለማንም ትንፍሽ አልልም።»

ያን ጊዜ ከሚሴ ሙሉ ሰምቷል፤ ጨፋ ሮቢትም ሰምቷል፤ ባቲ ገበያ ላይ ያሉትም የሚጠይቁኝ ስለ በሬ ሳይሆን ስለ ጭንቅላቴ ሆኗል። ያልሰማችሁት እናንተ ብቻ ነበራችሁ።